የላላ ሽቦና የእድራችን ድምፅ ማጉያ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ በአንድ አባል የተደረገ ንግግር)



አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁኝ እኔ ሬድዮና ቴፕ ጠጋኝ ነኝ እንጂ ተናጋሪ አይደለሁም። እጄም ካቻቢቴ ሲይዝ ይረጋጋል፤ ማይክራፎን ሲይዝ ግን ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ንግግሬ ቢንዛዛ በይቅርታ እንድታልፉኝ አስቀድሜ እለምናለሁ።

የተነሣሁት ስለ አንድ ትንሽ ነገር ለመናገር ነው፤ ስለ ላላ ሽቦ። «ይኸ ደግሞ በጠቅላላ ጉባዔ የሚወራ ነገር ነው ወይ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን በሚያዝያ ወር 2017 ዓ.ም. በአንዲት እናታችን ለቅሶ ላይ የደረሰብንን ሁላችንም እናስታውሰዋለን። የቀብሩ ሰዓት ለ9 ሰዓት ተቀጥሮ ነበር። ማታ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ዝናቡ ስላስፈራ ወደ 7 ሰዓት እንዲሆን ተወሰነና በድምፅ ማጉያው ተነገረ። ከፊት የተቀመጥነው ሰማን። ከኋላ የተቀመጡት ግን አልሰሙም። ከኋላ ከተቀመጡት መካከል ከጨንቻ የወረዱ የሟች ዘመዶች ነበሩ፤ እነሱም ያንኑ ሌሊት ወደ ቤታቸው ተመልሰው ለቀሩት ወንድሟ «ቀብሩ በ9 ሰዓት ነው» አሏቸው። ጨንቻ ከዚህ ወደ 37 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱም ቁልቁለት ነው። ወንድሟ በ8 ሰዓት ደረሱ። እኅታቸው አፈር ለብሳለች።

እኒያ ሽማግሌ ማንንም አልተቆጡም። ዱላቸውን ተደግፈው «ድምፅ ማጉያ አላችሁ ሲባል ሰምቼ ነበር» አሉ እንጂ ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣችም። ምክንያቱም ያን ማታ ድምፁ እንዲቆራረጥ ያደረገው ሽቦ የተቋጠረው በእኔ እጅ ነበር። ይኸንን እስከ ዛሬ ለኮሚቴው እንጂ ለጉባዔው አልተናገርሁም፤ ዛሬ ለሁላችሁም እናገራለሁ።

ከለቅሶው በኋላ በተደረገው ስብሰባ ብዙዎቻችን «ይኸ አምፕሊፋየር አርጅቷል፤ ይጣልና አዲስ ይገዛ» ብለን ነበር። እውነት ነው፤ ዕቃው በ1981 ዓ.ም. የተገዛ ነው፤ ከብዙ ልጆቻችን ዕድሜ ይበልጣል። ገንዘብም ተያዘለት። እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌአለሁ። ኋላ ግን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ «ቆይ፣ መጀመሪያ ልየው» አልሁና ከዕቃ ቤት ኃላፊው ፈርሜ ወደ ሱቄ ወሰድሁት። ዕቃው የሞተ መስሎኝ ነበር። አልሞተም።

ነገሩን ከመዘርዘሬ በፊት ስለ ሙያው ጥቂት ላውጋችሁ። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ከአንድ ሬድዮ ጠጋኝ ዘንድ ስሠራ አንድ ቀን ቁም ሣጥን የሚያህል ዕቃ በጋሪ መጣ። ሳንቲም እየተከተተበት የሚጫወቱበት የጌም ማሽን ነበር። ከላይ ቴሌቪዥን አለው፤ ከታች መዘውርና ቁልፍ አለው። ባለቤቱ «ጠዋት ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ ሰው ሲበዛ ይጠፋል። በቡጢ ሲሉት ደግሞ ይነሣል። አንጎሉ ስለ ተበላሸ አንጎሉን ለውጡልኝ» አለ። አለቃዬ ግን አንጎሉን አልነካም። የኋላ በሩን ከፍቶ በእንጨት ጫፍ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ቀስ እያለ ነካ ነካ ማድረግ ጀመረ። ከአንዱ ሲደርስ ማሽኑ ጠፋ፤ ሲለቀው ተነሣ። ያ ሽቦ ከማሽኑ ሰሌዳ ጋር የሚገናኝበት ጥርስ ጠቁሮና ላልቶ ነበር።

አለቃዬ ያን ጊዜ የነገረኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የእነዚያ ማሽኖች አንጎል የሚሠራው በ5 ቮልት ነው፤ የሚፈቅደውም ስሕተት ሩብ ቮልት ብቻ ነው። ጥርሱ ሲጠቁር ኮረንቲው ሲያልፍበት እየሞቀ ግማሽ ቮልት ቢበላ፣ አንጎሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ይደነዝዛል። ጠዋት ማሽኑ ቀዝቃዛ ስለሆነ ይሠራል፤ ሲሞቅ ይጠፋል። በቡጢ ሲመታ ደግሞ ጥርሱ ለጊዜው ይነካካና ይነሣል። ጥርሱን በላጲስ አሽቶ፣ የጠቆረውን መያዣ ለውጦ መለሰለት። ባለቤቱ ለአዲስ አንጎል መግዣ ይዞት የመጣውን ገንዘብ አብዛኛውን ይዞ ሄደ።

በውጭ አገርም እንደዚህ ያለ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. አታሪ የተባለው ኩባንያ «ፖንግ» የተባለውን ጌም ሠርቶ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ ሰኒቬል በምትባል ከተማ ካለ አንድ መጠጥ ቤት አስቀመጠው። ከጥቂት ቀን በኋላ «ማሽኑ ተበላሸ» ተብሎ ተደወለ። የሠራው መሐንዲስ አለን አልኮርን ሊጠግን ሄደ። ሲከፍተው የሳንቲሙ ማጠራቀሚያ ሞልቶ ፈሷል፤ ማሽኑ እምቢ ያለው ሳንቲም መቀበያው በመታፈኑ ነበር! እንግዲህ የሠራው ሰው ራሱ መጀመሪያ ያየው ቀላሉን ነገር ነው። ትልቁን ከመጠርጠር በፊት ትንሹን ማየት ይገባል።

ልጆቻችንስ? ከጥቂት ዓመታት በፊት በቴሌቪዥን የሚጫወቱበት የጌም ካሴት እምቢ ሲላቸው ነቅለው «እፍ» ብለው መልሰው ይሰኩት አልነበረም? ሲሠራላቸው «እፍታዬ አዳነው» ይላሉ። እፍታው አይደለም ያዳነው። ሲነቀልና ሲሰካ ጥርሱ ስለ ተፋተገ ነው። የትንፋሽ እርጥበትማ ውሎ አድሮ ጥርሱን ያዝገዋል። እኛም ትልልቆቹ አምፕሊፋየራችንን በጥፊ ስንመታ የኖርነው ከዚሁ የሚለይ አይደለም። ሲመቱት የሚነሣ ዕቃ ድኗል ማለት አይደለም፤ «አንድ ቦታ ላልቻለሁ» እያለ እየነገረን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልመለስ። አምፕሊፋየሩን ወደ ሱቅ ወስጄ ሰካሁት፤ ሠራ። ቀኑን ሙሉ አስጮህሁት፤ አልጠፋም። «ታዲያ ያን ማታ ምን ሆኖ ነው?» ብዬ ግራ ገባኝ። መልሱን የነገሩኝ የወጥ ቤት ተረኛ የነበሩ አንዲት እናታችን ናቸው። «እኛ እኮ ሻይ ስንጥድ ነው የሚጠፋው፤ ሻዩ ሲወርድ ይመለሳል። ለማን እንንገር?» አሉኝ። እኔ ጠጋኙ ሳላየው እሳቸው አይተውታል። እኛ ከፊት የተቀመጥነው «የሰፈሩ ኮረንቲ ደክሟል» እያልን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ማታ ከሟች ቤት ወደ ድንኳኑ የተዘረጋው ሽቦ አንድ ነው። በዚያው ሽቦ ላይ አምፕሊፋየሩ፣ ስድስት አምፖልና ሁለት ዓይና የኮረንቲ ምድጃ ተሰክተዋል። ሽቦው ስላጠረን ከሁለት ወር በፊት እኔ ሌላ ሽቦ ቀጥዬበት ነበር። እንዴት ቀጠልሁት? ሁለቱን ጫፍ ልጬ፣ እርስ በርሱ ጠምዝዤ፣ በላዩ ናስትሮ ጠቀለልሁበት። አንዱ ሽቦ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ነበር። «ለዛሬ ይበቃል» አልሁ። ያ «ለዛሬ» ሁለት ወር ቆየ።

ምድጃው 2,200 ዋት ቢሆን በ220 ቮልት የሚስበው ኮረንቲ 10 አምፔር ነው። መጋጠሚያው የላላ ከሆነ ኮረንቲውን እንደ ጠባብ በር ያስጨንቀዋል። ይኸ እንቅፋት ግማሽ ኦም ብቻ ቢሆን፣ በዚያች ቋጠሮ ላይ የሚወጣው ሙቀት 50 ዋት ይደርሳል። 50 ዋት ማለት እኔ በሱቄ ስታኞ ከማቀልጥበት ካውያ አያንስም። በናስትሮ ተጠቅልሎ፣ በድንኳን ጨርቅ ሥር የተቀበረ ካውያ አስቡ! ሲሞቅ መዳቡ ይለጠጣል፣ ይዝጋል፤ እንቅፋቱም ይጨምራል። በመጨረሻም እየነካካ እየለቀቀ ይንጣጣል። አምፖሎቹ ይርገበገባሉ፣ የተናጋሪው ቃል ይቆራረጣል። ምድጃው ሲጠፋ ደግሞ ቋጠሮው ቀዝቅዞ ይነካካል፤ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል።

አንድ ወንድማችን «ታዲያ ባልቦላው ለምን አልተቃጠለም?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሁላችንም የምንሳሳትበት ስለሆነ ልመልሰው። ባልቦላ የሚቆርጠው ኮረንቲ ከልክ በላይ ሲያልፍ ነው። በላላ መጋጠሚያ ግን የሚያልፈው ኮረንቲ አይበዛም፤ እንዲያውም ይቀንሳል። ስለዚህ ቋጠሮው እሳት እስኪያነሣ ድረስ ባልቦላው ምንም ሳያውቅ ቁጭ ይላል። «ባልቦላ አለልኝ» ብሎ ላላ ሽቦ ላይ መተኛት አይገባም።

ናስትሮውን ስፈታው ከውስጡ ያገኘሁትን ይዤ መጥቻለሁ፤ ከስብሰባው በኋላ እያንዳንዳችሁ እንድታዩት እለምናለሁ። መዳቡ ጠቁሮ፣ የሽቦው ልባስ ከሰል መስሏል። ሽታው ደግሞ ዓሣ ዓሣ ይላል። የተቃጠለ የኮረንቲ ዕቃ ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ይሸታል። እኛ ደግሞ የአባያና የጫሞ ልጆች ዓሣ ሲሸተን «የት ተጠበሰ?» እንላለን እንጂ «ቤቱ ሊቃጠል ነው» አንልም! ከዛሬ ጀምሮ ዓሣ በሌለበት ቤት ዓሣ ከሸተታችሁ ስፒናችሁን ንቀሉ።

ይኸ አንዱ ጥፋት ነው። ነገር ግን ድምፁ ከፊት እየተቆራረጠም ቢሆን ሲሰማ ከኋላ ጨርሶ ያልተሰማው ለምንድን ነው? ይኸንንም ፈለግሁት። በጠቅላላው አራት ቦታ ችግር አገኘሁ።

አንደኛ፣ አሁን የነገርኋችሁ የእኔ ቋጠሮ ነው።

ሁለተኛ፣ የኋላው እስፒከር ሽቦ የሚታሰርበት ብሎን ላልቷል፤ መዳቡም አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። ከተማችን ሞቃት ናት፤ የሐይቁም እርጥበት አለ፤ በበልግ ደግሞ ድንኳኑ ርሶ ይታጠፋል። ዕቃው ከነርጥበቱ በዕቃ ቤት ይከረቸማል። መዳብ በእንደዚህ ያለ ቦታ ይዝጋል። ዝገቱ ደግሞ ኮረንቲ አያሳልፍም።

ሦስተኛ፣ የማይክራፎኑ ገመድ ከስፒናው አንገት አጠገብ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል። ከውጭ ሲታይ ደህና ነው። ሁልጊዜ የሚታጠፈው በዚያ ቦታ ስለሆነ ሽቦው እንደ ቀጭን ብረት ታጥፎ ታጥፎ ይቆረጣል። ተናጋሪው ማይኩን ወደ ቀኝ ሲያዞር የሚሰማው፣ ወደ ግራ ሲያዞር የሚጠፋው ለዚህ ነበር።

አራተኛ፣ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ፣ የእስፒከሩ መሰኪያ ከሰሌዳው ጋር በስታኞ የተያያዘበት እግር ዙሪያውን እንደ ቀለበት ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ያለ ማጉያ መነጽር አይታይም። በጥፊ ሲመታ ይነሣ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

እነዚህ አራቱም ጥፋቶች የላላ መጋጠሚያ ናቸው። የሞተ ዕቃ አንድም የለም። ስለዚህ ዋናው የምናገረው ነገር ይኸ ነው፦ አዲስ አምፕሊፋየር ገዝተን በዚያው ቋጠሮ ላይ ብንሰካው ኖሮ፣ አዲሱም በሚቀጥለው ለቅሶ ሻይ ሲጣድ ያው ይቆራረጥ ነበር። ገንዘባችን ሄዶ፣ ኀፍረታችን ይቀር ነበር። የከፋ ደግሞ አለ። ቋጠሮው የድንኳኑን ብረት ቢነካ፣ መሬቱ በዝናብ ርሶ፣ አንዱ ልጃችን በባዶ እግሩ ቆሞ ብረቱን ቢይዝ፣ ለአንድ ለቅሶ የተተከለው ድንኳን ለሁለት ለቅሶ ይሆን ነበር። እግዚአብሔር ጠበቀን እንጂ እኛ አልተጠነቀቅንም።

አሁን እንዴት እንደ ፈለግሁትና እንዴት እንደ ጠገንሁት በአጭሩ ልናገር። በየቤታችሁ የሚረባችሁ ይኖራል ብዬ ነው።

በመጀመሪያ መጠየቅ ነው። «መቼ ይጠፋል? ምን ሲደረግ ይመለሳል?» ብሎ ዕቃውን የሚጠቀመውን ሰው መጠየቅ ከመሣሪያ ሁሉ ይበልጣል። እኔ ቀድሜ ወጥ ቤት ገብቼ ብጠይቅ ኖሮ አንድ ሳምንት ባልደከምሁ።

ሁለተኛ፣ ስፒናውን ነቅሎ በዓይንና በአፍንጫ መፈለግ ነው። የጠቆረ፣ የቀለጠ፣ አረንጓዴ ያወጣ፣ የሚሸት ቦታ ካለ እዚያ ነው። ማሳሰቢያ፦ አምፕሊፋየር ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ኮንደንሰር በሚባሉት ክፍሎቹ ውስጥ ኮረንቲ ይዞ ይቆያል። የሙያው ሰው ካልሆነ በቀር ማንም ክዳኑን እንዳይከፍት አደራ።

ሦስተኛ፣ መንገዱን ለሁለት እየከፈሉ መሄድ ነው። ድምፅ ከማይክ ተነሥቶ እስከ እስፒከር ይሄዳል። ማይኩን በሌላ ማይክ ለውጬ ሞከርሁ፤ ከዚያ እስፒከሩን ለወጥሁ። ችግሩ ከማይኩ ጋር ከሄደ ማይኩ ነው፤ ከቀረ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። ሽቦ ከመንቀላችሁ በፊትም በቀለም ክር ምልክት እሰሩበት፤ «አስታውሰዋለሁ» ያለ ሰው ሁሉ ይረሳል።

አራተኛ፣ ዕቃውን በሥራ ላይ እንዳለ መለካት ነው። ይኸ እኔን ራሴን ያታለለኝ ነገር ነው። ኮረንቲ ተነቅሎ ሽቦ በቴስተር ሲለካ ቴስተሩ የሚያሳልፈው ኮረንቲ በጣም ጥቂት ነው። ከሃያ ክር አንዲት ክር ብቻ ብትቀር እንኳ «ደህና ነው» ይላል። ጭነት ሲመጣ ግን ያቺ አንዲት ክር አትችልም። ልክ እንደ አሮጌ ድልድይ ነው፤ ሰው ያሳልፋል፤ የጫነ መኪና ሲመጣ ይሰበራል። ስለዚህ ምድጃውን ሰክቼ፣ ከመጋጠሚያው በፊትና ከመጋጠሚያው በኋላ ያለውን ቮልት ለካሁ። ልዩነቱ ሁሉን ነገረኝ። ነገር ግን ይኸ በሕይወት ያለ ኮረንቲ ላይ የሚሠራ ስለሆነ ለባለሙያ ብቻ ነው።

ጥገናው ከባድ አይደለም። በመካከላችን ከዶርዜ የመጡ ሸማኔ አባቶች አሉ። ድር ሲበጠስባቸው የተበጠሰውን ክር ፈልገው ደህና አድርገው ይቋጥሩታል እንጂ ጠምዘዝ አድርገው አይተውትም፤ ቢተውት ድሩ ሲወጠር እንደገና ይበጠሳል። ሽቦም እንደዚሁ ነው። ቋጠሮዬን ቆርጬ ጣልሁና ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ የሆነ፣ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ ዘረጋሁ። መቀጠል ግድ ሲሆን በሞርሴቶ ነው። ሽቦው ሲላጥ ክሮቹ እንዳይቆረጡ መጠንቀቅ፤ ብሎኑን ማጥበቅ፤ ካጠበቁ በኋላ ሽቦውን ሳብ አድርጎ መፈተን ነው። ከወጣ አልተያዘም ማለት ነው።

አንዳንድ ወጣቶች ጫፉን በስታኞ አጠንክረው በብሎን ሥር ያስሩታል፤ ያምራል፤ ግን ስሕተት ነው። ስታኞ ለስላሳ ነው፤ በብሎን ሲጨመቅ ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ ከጥቂት ወር በኋላ ብሎኑ ላላ ይላል። ስታኞ ቦታው ሰሌዳ ላይ ነው። የተሰነጠቀውን እግርም አሮጌውን ስታኞ መጥጬ፣ እግሩን አጽድቼ፣ በአዲስ ስታኞ መለስሁት። በአሮጌው ላይ አዲስ መደረብ ቁስልን ሳያጥቡ መሸፈን ነው። የማይኩን ገመድ ከተበጠሰው ቦታ ቆርጬ አሳጠርሁትና አንገቱ እንዳይታጠፍ መያዣ አደረግሁለት። የእስፒከሩን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ የዛገውን ቆርጬ አሰርሁት።

ይኸ ሁሉ የፈጀው ጥቂት ስታኞ፣ ሁለት ሞርሴቶ፣ አዲስ ሽቦና የእኔ የሦስት ምሽት ሥራ ነው። የእጄን ዋጋ አልጠይቅም፤ ዕዳዬ ስለሆነ። ከዚያ ወዲህ አምፕሊፋየሩ በአምስት ለቅሶ ላይ ውሏል። ሻይም ተጥዷል። አንድ ጊዜም አልተቆራረጠም።

በመጨረሻም ለጉባዔው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛው፣ ለአዲስ አምፕሊፋየር ከተያዘው ገንዘብ ጥቂቱ ተነሥቶ ለድንኳኑ አዲስ ሽቦ፣ ውሃ የማያስገባ ሶኬት፣ እንዲሁም ኮረንቲ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ 30 ሚሊ አምፔር ማቋረጫ ይገዛ። የቀረው ገንዘብ በካዝናችን ይቆይ። ምድጃ ደግሞ ከአምፕሊፋየሩ ጋር በአንድ ሽቦ ላይ እንዳይሰካ በደንብ ይጻፍ። በጥቅል የሚመጣ ሽቦም ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ ጭነት እንዳይጫንበት፤ ተጠቅልሎ ሳለ ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው ይቀልጣል።

ሁለተኛው፣ በዕቃ ቤት አንድ ደብተር ይቀመጥ። ዕቃው በወጣና በተመለሰ ቁጥር ሁለት ሰው አይቶ ይፈርም፦ ብሎኑ ጠብቋል ወይ? ሽቦው ደርቋል ወይ? የጠቆረ አለ ወይ? «ለዛሬ ይበቃል» ብሎ ሽቦ የጠመዘዘ ሰው፣ እኔም ብሆን፣ በደብተሩ ላይ ስሙን ይጻፍና በሦስት ቀን ውስጥ በትክክል ያስተካክል።

ሦስተኛው፣ ከልጆቻችን መካከል ሁለት ስጡኝ፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄ መጥተው ይማሩ። እኔ አርጅቻለሁ፤ ዓይኔም የስታኞ ስንጥቅ ለማየት መነጽር ይፈልጋል። ነገ እኔ ስሞት ለእኔ ድንኳን የሚተክለው ሰው ሽቦ እንዴት እንደሚታሰር እንዲያውቅ እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ጨምሬ ልጨርስ። ድሮ የእድራችን ጥሩንባ ነፊ በየደጁ እየዞረ ሲጠራ ሽቦ አልነበረውም፤ ያልሰማ ቤት ካለ ግን ተመልሶ ሄዶ በሩን ያንኳኳ ነበር። ጋሞዎች በዱቡሻ ሲመክሩም አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ያዳምጣል። ድምፅ ማጉያ ስናመጣ ይኸንን ልማድ ትተነዋል። «ማይኩ ተናግሯል፤ ሁሉም ሰምቷል» እንላለን። እኔ ሽቦውን ጠግኛለሁ፤ ነገር ግን ሽቦ ማናቸውም ጊዜ ሊላላ ይችላል። ስለዚህ የቀብር ሰዓት ሲለወጥ፣ ድምፅ ማጉያው ቢሠራም ባይሠራም፣ አንድ ሰው ተነሥቶ ከድንኳኑ ጫፍ ከተቀመጡት ዘንድ ይሂድና «ሰምታችኋል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ያን ማታ እኔ ከፊት ተቀምጬ ነበር። ተነሥቼ አልሄድሁም።

ወደ ጨንቻ ወጥቼ እኒያን ሽማግሌ አግኝቻቸው ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ቡና አጠጡኝ። ስለ ሽቦው ነገርኋቸው፤ እስከ መጨረሻው አዳምጠው «አሁን ይሠራል?» አሉኝ። «አዎ አባባ፣ ይሠራል» አልኋቸው።

ያለፉትን ነፍስ ይማር፤ ለቀረነው ጤናና ዕድሜ ይስጠን።